ከሚጣል መላጫ ወደ ብረት መላጫ፦ ሳትቆረጡ፣ ገንዘብም ሳታባክኑ

ብዙ ሰው ባለ ሁለት አፍ ምላጭ የሚገባበትን የብረት መላጫ ይገዛል። ሁለት ሦስቴ ይሞክራል። አንገቱ ይቀላል፣ አገጩ ይደማል፣ መላጫው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በሳምንቱ ተመልሶ የሚጣለውን መላጫ በእሽግ ይገዛል። ያኔ ወጪው ድርብ ሆነ እንጂ የተቆጠበ ነገር የለም።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የመላጫው አይደለም፤ የእጅ ልማድ ነው። የሚጣል መላጫ ክብደት ስለሌለው ተጭነነው እንላጫለን። ያው እጅ የብረት መላጫ ሲይዝም ይጫናል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ያንን ልማድ ለማስተው የተጻፈ ነው። ደረጃ አትዝለሉ። በተለይ 6ኛውንና 7ኛውን ሁለቴ አንብቡ።

ደረጃ 1፦ ከመግዛታችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ

«ምላጭ ርካሽ ነው» ብሎ ብቻ መግዛት አያዋጣም። ወረቀት ያዙና ይህን ጻፉ።

1. በሳምንት ስንት ጊዜ ትላጫላችሁ? በ52 አባዙት። በሳምንት 3 ጊዜ ከሆነ በዓመት 156 ጊዜ ነው።
2. አንድ የሚጣል መላጫ ጺማችሁን መጎተት ሳይጀምር ስንት ጊዜ ያገለግላል? አትገምቱ፣ ቁጠሩ።
3. የዓመቱን ቁጥር ለዚያ አካፍሉት። ለ4 ጊዜ የሚበቃ ከሆነ በዓመት 39 መላጫ ትጥላላችሁ።
4. ለምላጭም እንዲሁ ሥሩ። አንድ ምላጭ እንደ ጺሙ ጥንካሬና እንደ ምላጩ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ጊዜ ይላጫል። ለጥንቃቄ 4 በሉት። ያው 39 ምላጭ ነው።
5. ከአንድ የሚጣል መላጫ ዋጋ የአንድ ምላጭ ዋጋ ቀንሱ። ልዩነቱን በ39 አባዙ። የዓመቱ ቁጠባችሁ ይህ ነው።

በምሳሌ እንየው። የአንድ ምላጭ ዋጋ ከአንድ የሚጣል መላጫ ዋጋ አንድ አምስተኛው ነው እንበል። የብረት መላጫው ደግሞ የ20 የሚጣል መላጫ ዋጋ ያወጣል። እንዲህ ከሆነ 25 ምላጭ ስትጨርሱ መላጫው ዋጋውን መለሰ። 25 ምላጭ 100 ጊዜ ያላጫል፤ በሳምንት 3 ጊዜ ለሚላጭ ሰው ስምንት ወር ገደማ ነው። ብሩሽና ሳሙና ጨምራችሁ ጠቅላላ ወጪው የ40 መላጫ ዋጋ ከሆነ ግን ከ1 ዓመት ከ3 ወር በፊት አይመልስም።

በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚላጭ ሰው ለመላጫው ብቻ ሁለት ዓመት ገደማ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ሰው ለገንዘብ ብሎ ባይቀይር ይሻላል። እውነቱ ይህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቁጠባውን የሚበላው ምላጩ ሳይሆን ዕቃ ማብዛት ነው። አንድ መላጫ፣ አንድ ሳሙና፣ አንድ ብሩሽ። ሳሙናው ሳያልቅ ሌላ አትግዙ። ይህን ያልጠበቀ ሰው ምንም ያህል ምላጭ ቢረክስለት አያተርፍም።

ከገንዘቡ ውጪስ?

እዚህ ላይ ቆዳ ይመጣል። ብዙ ስለት የተደረደረበት መላጫ የመጀመሪያው ስለት ጸጉሩን ስቦ ከፍ ያደርገዋል፣ ተከታዩ ዝቅ ብሎ ይቆርጠዋል። ስለዚህ የተቆረጠው ጫፍ ከቆዳ በታች ሊገባ ይችላል። ጺሙ ጥቅልል ለሆነ ሰው ችግር የሚጀምረው እዚህ ነው። ጫፉ ሲያድግ ተጠምዞ ቆዳውን ይወጋል፣ አንገትና መንጋጋ ላይ ያ የምታውቁት እባጭ ይወጣል። አንድ ስለት ያለው መላጫ ግን ጺሙን ቆዳው ላይ ይቆርጣል እንጂ ስቦ ወደ ታች አያስገባውም። እባጩን ጨርሶ ያጠፋል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ግን ልዩነቱን ያየዋል።

የሚጣለውም የራሱ ጥቅም አለው። የስለቱ አቀማመጥ በፋብሪካ የተስተካከለ ስለሆነ ማዘንበያውን፣ ማለትም መላጫውን ቆዳው ላይ ምን ያህል ማጋደል እንዳለባችሁ፣ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ፈጣን ነው። በአውሮፕላን የእጅ ሻንጣ ውስጥም አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል፤ ባለ ሁለት አፍ ምላጭ ግን በፍተሻ ይወሰዳል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሚጣለው ወይም ከኤሌክትሪክ መላጫ ባይወጣ ይመረጣል።

ደረጃ 2፦ የሚያስፈልገውን ብቻ ግዙ

1. መላጫ። ከስለቱ ሥር ያለው መከላከያ ድፍን የሆነውን ምረጡ። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ለረጅም ጺም ጥሩ ነው፤ ለጀማሪ ግን ብዙውን ጊዜ ይከብዳል። ሻጩን «ለጀማሪ የሚሆን፣ ለስላሳው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።
2. ምላጭ። ሁለት ሦስት ዓይነት በትንሽ በትንሹ ግዙ። 100 ፍሬ በአንዴ አትግዙ። ለአንዱ ቅቤ የሆነ ምላጭ ሌላውን ይጎትተዋል።
3. የመላጫ ሳሙና ወይም ክሬም። የእጅ ሳሙና አይተካውም።
4. ብሩሽ። ሰው ሠራሽ ጸጉር ያለው ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል። ክሬም በጣት መቀባት ስለሚቻል ብሩሹን ለጊዜው መተው ትችላላችሁ።
5. ደም ማቆሚያ። አሉም የሚባለው ነጭ ድንጋይ ወይም በእርሳስ መልክ የሚሸጠው ይሆናል። ከመጀመሪያው ቀን በፊት እጃችሁ ይግባ።

ደረጃ 3፦ ጺማችሁ ወዴት እንደሚተኛ እወቁ

ሁለት ቀን ሳትላጩ ቆዩ። ከዚያ ፊታችሁን በጣት ጫፍ ደባብሱ። ወደ አንድ በኩል ስትሄዱ ለስላሳ ነው፣ ስትመለሱ ይሻክራል። ለስላሳ የሆነበት አቅጣጫ ጺሙ የሚተኛበት ነው።

ጉንጭ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁል ነው። አንገት ላይ ግን እንዳትሳሳቱ። የብዙ ሰው የአንገት ጺም ሽቅብ ወይም ወደ ጎን ይተኛል፤ ግራና ቀኙም አይመሳሰልም። እኔ አንገቴን ለረጅም ጊዜ ቁልቁል ስላጭ ኖሬ በየጊዜው ይቀላብኝ ነበር። በኋላ በጣቴ ስደባብሰው ከማንቁርቴ በታች ያለው ጺም ሽቅብ የሚተኛ ሆኖ አገኘሁት። አቅጣጫውን ብቻ ቀየርኩ፤ መላጫውንም ሳሙናውንም አልቀየርኩም። መቅላቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀረ።

ወረቀት ላይ ፊት ሥሉና ቀስቶቹን አስቀምጡ። መስታወቱ አጠገብ ለጥፉት።

ደረጃ 4፦ ምላጩን አስገቡ

1. እጃችሁን አድርቁ። በእርጥብ እጅ ምላጭ አይነካም።
2. እጀታውን አዙራችሁ ፍቱ። የላይኛውን ክዳን ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ።
3. ምላጩን በሁለቱ አጫጭር ጫፎቹ ያዙ። እነሱ ስለት የላቸውም። ክዳኑ ላይ ባሉት እሾሆች ላይ አስተኙት።
4. የታችኛውን ሳህን አልብሱት፣ እጀታውን አዙራችሁ አጥብቁ። በጣት ኃይል ይበቃል።
5. ከፊት ለፊት ተመልከቱት። ስለቱ በሁለቱም በኩል እኩል መውጣት አለበት። አንዱ በኩል በልጦ ከታየ ፈታችሁ እንደገና አስገቡ። ይህችን የሚዘል ሰው በአንዱ ጎን ሲላጭ ይቆረጣል፣ በሌላው ጎን ደግሞ አይላጭለትም።

እጀታው ሲዞር ክዳኑ እንደ በር የሚከፈት መላጫ ካላችሁ ሥራው ይቀላል፤ 5ኛውን ግን አትተዉ።

ደረጃ 5፦ ጺሙን አለስልሱ

ደረቅ ጺም ጠንካራ ነው። ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥም የሚያስፈልገው ኃይል ይቀንሳል። ለዚህ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይፈልጋል። በጣም ቀላሉ ገላ ከታጠባችሁ በኋላ መላጨት ነው። ካልሆነ ፊታችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጺሙ ላይ ያዙ። የሚያቃጥል ውሃ አትጠቀሙ። ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ያስቆጣዋልም።

ፊታችሁን አታድርቁ። እርጥብ እንደሆነ ወደ አረፋው እለፉ።

ደረጃ 6፦ አረፋውን ሥሩ

ሰው ምላጭ የቆረጠው ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን የቆረጠው ደካማ አረፋ ነው። የአረፋ ሥራ ምላጩ ቆዳው ላይ እንዲንሸራተት ማድረግና ውሃውን ጺሙ ላይ መያዝ ነው።

1. ብሩሹን ለብ ባለ ውሃ ንከሩት። ሰው ሠራሽ ከሆነ መርጠብ ብቻ ይበቃዋል። የአሳማ ጸጉር ከሆነ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይቆይ።
2. ውሃው መንጠባጠብ እስኪያቆም አራግፉት።
3. ሳሙናው ላይ ለ30 ሰከንድ ያህል አዙሩት። የብሩሹ ጫፍ ወፍራም፣ የሚያጣብቅ ሊጥ መሰል ነገር መያዝ አለበት። ጀማሪ እዚህ ላይ ይቸኩላል፣ ትንሽ ሳሙና ይዞ ይነሳል።
4. በጎድጓዳ ሳህን ወይም ፊታችሁ ላይ ማዞር ጀምሩ። ውሃ በጠብታ ጨምሩ። አዙሩ። እንደገና ጥቂት ጠብታ። አዙሩ። ይህ አንድ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል።
5. ፈትሹ። የደረሰ አረፋ ያብረቀርቃል፣ በውስጡ ያሉት ትንንሽ የአየር ፊኛዎች ለዓይን አይታዩም፣ ብሩሹን ስታነሱት ጫፉ እንደ ወፍራም እርጎ ጎንበስ ይላል። በሁለት ጣት ስታሹት ይሾልካል።

ነጭና ደረቅ ሆኖ ፊት ላይ የሚደርቅ ከሆነ ውሃ አንሶታል፤ ጠብታ ጨምሩ። ትልልቅ አረፋ እያወጣ የሚፈስ ከሆነ ውሃ በዝቶበታል፤ ወደ ሳሙናው ተመለሱ። ምንም ብታደርጉ አረፋ እምቢ ካለ ውሃችሁ ማዕድን የበዛበት ሊሆን ይችላል። ሳሙናውን እጥፍ አድርጉ፣ ወይም ቀድሞ ፈልቶ ቀዝቅዞ የጠለለ ውሃ ሞክሩ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው ዙር

አያያዝ። እጀታውን ወደ ታችኛው ጫፍ ጠጋ ብላችሁ በጣት ጫፎች ያዙት፣ በመዳፍ አትጨብጡት። እርሳስ እንደያዛችሁ ቁጠሩት። የመላጫው ክብደት ሥራውን ይሠራል፤ የእናንተ እጅ መንገድ መሪ ነው።

ማዘንበያ። የመላጫውን ራስ አናት ጉንጫችሁ ላይ ለጥፉት። አሁን እጀታው ከፊታችሁ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ስለቱ ቆዳውን አይነካም። እጀታውን ቀስ እያላችሁ ወደ ታች አውርዱ፣ በዚያው ራሱን በጣም በዝግታ አንቀሳቅሱ። አንድ ቦታ ላይ ስለቱ ጺሙን ሲይዝ ትሰሙታላችሁ፤ እንደ ወፍራም ወረቀት ፍቀት ያለ ድምፅ ነው። እዚያ ላይ ቁሙ። ስለቱ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለው እዚያ ነው። ድምፁን ልመዱት። ድምፁ ከጠፋ እጀታው ወጥቷል። መፋቅና መጎርበጥ ከመጣ እጀታው በጣም ወርዷል።

አሁን ላጩ።

1. በጉንጭ ጀምሩ። ሰፊና ሜዳ ስለሆነ እጅ የሚለምደው እዚያ ነው።
2. በነፃ እጃችሁ ቆዳውን ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ሳብ ብቻ፣ አትወጥሩት።
3. ጺሙ በሚተኛበት አቅጣጫ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር እያደረጋችሁ ውሰዱት። ረጅም ምት አትሂዱ።
4. ሁለት ሦስት ምት ከሄዳችሁ በኋላ ራሱን ገልብጣችሁ ሌላውን አፍ ተጠቀሙ። ሁለቱም ሲሞሉ በውሃ እጠቡት።
5. አረፋ የሌለበት ቦታ ላይ ምላጩን አትመልሱ። የቀረ ጺም ቢታያችሁ እንኳን ተዉት፤ ወይም አረፋ እንደገና ቀቡ።
6. ከጉንጭ ወደ መንጋጋ፣ ከዚያ አንገት። አገጭንና የላይኛውን ከንፈር ለመጨረሻ ተዉ። እዚያ ያለው ጺም ጠንካራ ነው፣ አረፋው ሥር በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል።

አገጭ ላይ ምቱን ወደ 1 ሴንቲሜትር አሳጥሩት። ጥምዝ ቦታ ስለሆነ በየምቱ ማዘንበያው ይለወጣል። ለላይኛው ከንፈር ከንፈራችሁን በጥርሳችሁ ላይ ወጥሩት። ማንቁርት ላይ ደግሞ ምራቅ እንደምትውጡ አድርጉና ቆዳውን በጣት ወደ ጎን ሳቡት። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ስለምትላጩ ጉብታውን አትነኩም።

ማስጠንቀቂያ፦ መላጫውን ወደ ጎን፣ በስለቱ ርዝመት፣ አታንሸራትቱ። ረጅሙና ጥልቁ ቁርጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስልክ ቢጠራ መጀመሪያ መላጫውን ከፊታችሁ አንሱት።

የመጀመሪያውን ሳምንት ጉንጫችሁን ብቻ በብረት መላጫ ላጩ፤ ቀሪውን በለመዳችሁት የሚጣል መላጫ ጨርሱ። ይህን የምመክረው ከልቤ ነው። ፊታችሁን ሙሉ በአንድ ቀን ለምላጭ መስጠት ብዙ ሰው ያስመረረ ስህተት ነው።

ደረጃ 8፦ ሁለተኛው ዙር

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይህን ደረጃ ተዉት። አንድ ዙር ለሥራም ለግብዣም የሚሆን ፊት ይሰጣል።

ከዚያ በኋላ ፊታችሁን በውሃ አርጥቡ፣ አዲስ አረፋ ቀቡ፣ ጺሙን በአግድም ላጩ። ይበቃል። ከጺሙ አቅጣጫ በተቃራኒ የሚኬደው ሦስተኛ ዙር ቆዳውን እንደ ብርጭቆ ያለሰልሳል፤ ነገር ግን ጺማቸው ጥቅልል የሆነና እባጭ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ባይሞክሩት ይሻላል። አንገት ላይ ደግሞ ለማንም አልመክርም።

ደረጃ 9፦ ከጨረሳችሁ በኋላ

ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ። አሉም ካላችሁ አርጥባችሁ እለፉበት። የት የት ላይ እንደሚያቃጥላችሁ አስተውሉ፤ የተጫናችሁት እዚያ ነው። ለሚቀጥለው ቀን ከዚህ የተሻለ አስተማሪ የለም። በፎጣ ተጭናችሁ አድርቁ፣ አትፈትጉ። ሽቶና አልኮል የሌለው ቅባት ቀቡ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ደም ከወጣ። በንጹህ ጨርቅ ተጭናችሁ ለጥቂት ደቂቃ ያዙ፤ በየሰከንዱ እያነሳችሁ አትዩ። ከዚያ አሉሙን ንኩበት። ጥልቅ ከሆነና በመጫን የማይቆም ከሆነ ወደ ሐኪም ነው።

ምላጩ ከጎተተ። መጀመሪያ አረፋውን አድሱ። አሁንም ከጎተተ ምላጩን ቀይሩ። አዲስ ምላጭ ከሆነ ማዘንበያውን ፈትሹ፤ ትክክል ከሆነ የዚያ ዓይነት ምላጭ ለእናንተ አልሆነም። ጎተተ ብላችሁ ግን አትጫኑ።

አንገት ከቀላና ከቆጠቆጠ። ሁለት ሦስት ቀን ሳትላጩ ቆዩ። ከዚያ ወደ 3ኛው ደረጃ ተመልሳችሁ አቅጣጫውን እንደገና ደባብሱ።

እባጭ ከወጣ። ጸጉሩን በመርፌ አትቆፍሩት፣ አታፍርጡት። ቆዳው እስኪረጋጋ መላጨት አቁሙ። መግል ከያዘ፣ ካመመ ወይም ጠባሳው እያበጠ የሚያድግ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ይየው።

ከላጫችሁ በኋላ ጺም ከቀረ። ብዙ ጊዜ እጀታው ወደ ውጭ ስለወጣ ነው። ትንሽ አውርዱት።

ምላጩ እንዲቆይ፣ በኋላም ሰው እንዳይጎዳ

ስትጨርሱ መላጫውን በውሃ አለቅልቁ፣ አራግፉ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አቁሙት። የምላጩን ስለት በፎጣ አትጥረጉ። ስለቱ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ይነሳል፣ እጅም ይቆረጣል። በሁለት ሳምንት አንዴ መላጫውን ፈታታችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና እጠቡት። ብሩሹን አራግፋችሁ ይድረቅ፤ እርጥቡን ሳጥን ውስጥ አትክተቱ።

ምላጭን ከማንም ጋር አትጋሩ፤ ከወንድምም፣ ከባልም፣ ከልጅም ጋር ቢሆን። ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪም በደም ይተላለፋሉ፤ በምላጩ ላይ የቀረው ደም ደግሞ ለዓይን ላይታይ ይችላል። ይህ ለሚጣለውም መላጫ ይሠራል።

ያለቀ ምላጭ ባዶውን ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። ቆሻሻ የሚያነሳው ሰው እጁን ይሰዳልና። ባዶ ቆርቆሮ ፈልጉ፣ ክዳኑን ምላጭ በሚያስገባ ልክ በቀጭኑ ቅደዱት፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። ምላጩን በዚያች ቀዳዳ ጣሉ። ቆርቆሮውን ልጅ በማይደርስበት ከፍታ አስቀምጡ። ምላጭ ቀጭን ስለሆነ አንድ መለስተኛ ቆርቆሮ ለዓመታት አይሞላም። ሲሞላ ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጋችሁ ለጥፉ፣ በላዩ ላይ «ምላጭ» ብላችሁ በጉልህ ጻፉና ስትሰጡ ለተቀባዩ በአፍም ንገሩት።